ወደ ኋላ የማይቆጠር ሙቀት

የሞቀ በቆሎ ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሲጀምር የጠላ ጥንስስ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን ጣፋጭነቱ ይጠፋና ሰው ታሞ የሰነበተበት ቤት ዓይነት ይሸታል። ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ላይ ከሚኒባስ ወርጄ፣ ጉልበቴ እስኪፍታታ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ግድግዳ ተደግፌ ስቆም ይኸው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ጆንያ በጆንያ ላይ እስከ ጣራው ተደርድሯል። ከመካከሉ አንድ ቦታ ሙቀት እንደተነሳ አወቅሁ። ወጣት ሳለሁ ቢሆን ኖሮ ሳልጠየቅ ገብቼ ስለ ሙቀት አሄድ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምር ነበር። አሁን ማስተማር ሰልችቶኛል። በሩ ላይ የተቀመጠውን ጎልማሳ «በቆሎህ እየሞቀ ነው፣ አውጥተህ አናፍሰው» አልኩት። ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «እሺ ፋዘር» አለኝ። ድርሻዬን ተወጣሁ ብዬ ባጃጅ ፍለጋ ሄድኩ።

የመጣሁት ለሙት ዓመት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ድሮ ከዚያ ቡሬ መምጣት ጎረቤት ብቅ ብሎ እንደመመለስ ነበር። አሁን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ሰው ከመነሳቱ በፊት «ዛሬ መኪና አለ?» ብሎ ይደውላል፣ እሱም ስልኩ ከሠራ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለእንዲህ ያለ መንገድ ልቤ አይነሳሳም። ነገር ግን በላይነሽ ደወለችልኝ። በላይነሽ ቡሬ ሳለሁ ሒሳብ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ሆናለች። «መምህር፣ ቅዳሜ የእማማ ሙት ዓመት ነው» አለችኝ። «አባባ እርስዎ እንዲመጡላቸው ይፈልጋሉ። የሚጠይቁዎ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝ። እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።» አባቷ አያ ቸኮል ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ያረፉት እናቷ ደግሞ እትዬ ይታይሽ። ከእነዚህ ባልና ሚስት ጋር ያስተዋወቀኝ ያ የሞቀ በቆሎ ሽታ ስለሆነ፣ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ ሐሳቤ ሳልፈቅድለት ወደ ኋላ ሄደ።

ያኔ ቡሬ ባጃጅ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሰውም ዕቃም የሚጓጓዘው በፈረስ ጋሪ ነበር። ወደ ነቀምቴ በሚታጠፈው መንገድ ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ አሥር ሳንቲም። ወይም ሻዩ አሥራ አምስት ነበር፤ አልምልበትም። መደርደሪያው ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ነበረ። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኟም አብራ ትደክማለች፤ ድምጿ እየወፈረ ሄዶ የወንድ ይሆናል፣ እኛም ያንኑ ለምደን ዘፈኑን በወፍራሙ እናንጎራጉረው ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በትክክለኛው ድምፅ ስሰማው የተበላሸ መሰለኝ። በገበያ ቀን በርበሬ ሲራገፍ መንገደኛው ሁሉ እያስነጠሰ ያልፋል፤ የተጣሉ ሰዎች እንኳን «ይማርህ» ሳይባባሉ አይተላለፉም። ገበሬው ካኪ ቁምጣውን በኮንጎ ጫማ አድርጎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባመጣሁት እግሩ ሰፊ ግራጫ ቴትሮን ሱሪ የቡሬን አቧራ ስጠርግ እውላለሁ። ዘመኑ መንግሥት የተለወጠበት ይሁን ሊለወጥ የተቃረበበት ይምታታብኛል። እሱን የሚጽፉ ሌሎች አሉ።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት ሁለተኛ ዲግሪዬን በሒሳብ ይዤ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ የሙቀትን ቀመር የሚመለከት ነበር፤ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከሚባሉት፣ አንድ ነገር በቦታና በጊዜ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ ከሚናገሩት ቀመሮች አንዱ። ይህን የሚያስተምረን ቀጭን፣ ጠመኔና ሲጋራ የሚያምታታ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ሳይጽፍ ነው የዋለው። «ቀመሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጥያቄው መጠየቅ የሚገባው መሆኑን እወቁ» አለን። መነሻውን ሰጥቼህ ቀጥሎ የሚመጣውን ንገረኝ ስልህ፣ መልስ አለው ወይ? ካለው፣ አንድ ብቻ ነው ወይ? ሦስተኛው ደግሞ፣ መነሻውን ስለካ እጄ ጥቂት ቢንቀጠቀጥ መልሱም የሚዛባው በጥቂት ነው ወይስ አገር ይገለባበጣል? ሦስቱን ያሟላውን ጥያቄ በቅጡ የተቀመጠ ጥያቄ ይለዋል። ያላሟላውን ግን ሊቅም ይምጣ ኮምፒውተርም ይምጣ ትርፉ ድካም ነው ይላል። እኛ ልጆች ስለነበርን ሦስቱን ለፈተና ሸመደድናቸው እንጂ ከልባችን አልሰማነውም።

ሙቀት ወደ ፊት ሲሄድ ታጋሽ ነው። አንዱ ጥግ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ የሆነ ክምር ብትሰጠኝና ከወር በኋላ ምን ይመስላል ብትለኝ ተቀምጬ እሠራልሃለሁ፤ ስለካ ብሳሳትም ስህተቴ ከትኩሱ ጋር አብሮ እየሳሳ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅብኝም። ወደ ኋላ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሁሉም ለብ ብሎ ከተስተካከለ በኋላ «መጀመሪያ ትኩሱ የት ነበር?» ብለህ ስትጠይቅ፣ የሳሳው ሁሉ እንደገና መነሳት አለበት፤ ከእሱ ጋር የእጅህ ስህተት ይነሳል፣ ያውም ከእውነቱ ይበልጥ አብጦ። ንባቡን ፀጉር በምታህል ብታሳስተው መልሱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይዘላል። እኔ ይህን በወረቀት ላይ አረጋግጬ፣ ተጨብጭቦልኝ፣ የተከራየሁትን ጥቁር ካባ መልሼ ነው ወደ ጎጃም የመጣሁት። የሰው ሕይወት የሚነካ ነገር ነው ብዬ አልጠረጠርኩም ነበር።

አንድ ዓመት ጆንያ ከገበያ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ያኔም የሚያውቅ አልነበረም። ከቡሬ አቅራቢያ ያለች የአንዲት ቀበሌ ገበሬዎች በቆሏቸውን አንድ ላይ የሚያስቀምጡበት የቆርቆሮ መጋዘን ነበራቸው፤ ለክረምቱ የሚበላውም ለዘር የሚሆነውም እሱ ነው። ጆንያ ሲጠፋ መከሩ ወለሉ ላይ እንዲሁ ይፈሰስ ተባለ። እያንዳንዱ በአህያ እያስጫነ መጥቶ ቦታ ባገኘበት ዘረገፈ፤ የአንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ ተራራ አከለ። ደስ ይል ነበር ይላሉ ያዩት፤ ማንም የማንንም አይለይ፣ ሁሉም የጋራ። ከወራት በኋላ አንድ ማለዳ በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ። እጃቸውን ቢከቱ ክምሩ በያለበት ይሞቃል፤ እንፋሎቱ ጣራውን አርጥቦ ይንጠባጠባል፣ የውስጡ በቆሎ ሻግቶ ተያይዟል። ክረምቱ ገና ከፊታቸው ነበር። ሴቶች መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው እንደ ለቅሶ ቤት አለቀሱ።

ደረቅ በቆሎ በገዛ እጁ አይሞቅም፤ ስለዚህ እርጥብ ያስገባ ሰው አለ ተባለ። ጣት ወዲያው ወደ አያ ቸኮል ዞረ። አንደኛ፣ በመከር ማግስት ያለ ወቅቱ አንድ ዝናብ ጥሎ ነበርና ከዚያ ዝናብ በኋላ መጨረሻ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም እንጂ ሁሉም ያስበዋል፤ አያ ቸኮል ከአዊ ወገን በጋብቻ የመጡ፣ በሬዎቻቸውን በአዊኛ የሚያናግሩ፣ ከሰው ጋር ግን በየትኛውም ቋንቋ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። አገር ሲጨነቅ ዝምተኛ ሰው አይመቸውም። ሽማግሌዎቹ ግን አባ ተገኘ የሚባሉ ጠንቃቃ ሰው ነበሩባቸውና በሐሜት አይሆንም፣ አውጫጭ ይጠራ አሉ።

አውጫጭ ማለት አድራጊው ያልታወቀ ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው በሙሉ ተጠርቶ አንድ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት ሥርዓት ነው። አልጋ የያዘ በሽተኛ ካልሆነ የሚቀር የለም፤ አጥፊው እስኪገኝ እርሻም ገበያም የለም። ያየ ወይም የጠረጠረ ሰው በራሱ አፍ አይመሰክርም፤ ወደ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ጠጋ ይልና «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ወፎች ከተስማሙ ነገሩ አለቀ። የተገኘበት ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ውሃ አይቀዳለትም፣ ከብቱ ከሰው ከብት አይቀላቀልም፣ ሲሞትም የሚቀብረው የለም። ልጆቹን ይዞ አገር ከመልቀቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በላይነሽ ያኔ ከክፍሌ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ በዚያ ሳምንት ስሟን ስጠራ «አቤት» ማለት አቆመች።

አባ ተገኘ ከአውጫጩ በፊት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ሰዓቱ እረፍት ነበር፤ ልጆቹ ኳስ እያሳደዱ እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው የክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ የሙቀት ሒሳብ ነው የተማርኽ አሉኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያስ ና ለካልን፤ ሙቀቱ ኸየት እንደተነሳ ንገረን። ሰው በሐሰት ወፍ ኸሚጠፋ በሒሳብ ይጥፋ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ወጣት ነበርኩ፤ የተማርኩት ነገር አገር ቤት ይፈለጋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትሮች ለመንኩ። ክምሩ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ዘንግ ሲያስፈልገኝ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ አስተካክለው፣ ተሸክመው ያመጡልኝ እኒያው አያ ቸኮል ናቸው፤ ቀርከሃ የሚወርደው ከዘመዶቻቸው አገር ነበርና። ራሳቸው ሊወገዙበት በሚችለው ዘንግ ላይ ቴርሞሜትሩን በገመድ አጥብቀው ሲያስሩልኝ «ይኽ ይበቃል ወይስ ይርዘም?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ክምሩን ከዳር እስከ ዳር ለካሁ። አንድ ሙሉ እሑድ ተቀምጬ በእርሳስ አሰላሁ። የመጀመሪያው መልስ ከምሥራቁ ጥግ ወጣ፤ አያ ቸኮል ከዘረገፉበት።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ያላቆምኩት በብልህነት አይደለም፤ የዚያ የቀጭኑ መምህራችን ሦስተኛ ጥያቄ ነው እንደ ድንጋይ ጫማዬ ውስጥ የገባው። ቴርሞሜትሩን ሳነብ በጣም በትንሹ ልሳሳት እችላለሁና አንዷን ንባብ በዚያችው ልክ ቀየርኳት። መልሱ ከምሥራቁ ጥግ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ አጠገብ ያፈሰሰው የአባ ተገኘ የራሳቸው ልጅ ነው። ሌላዋን ስቀይር መሃል ገባ። ሌላ ስቀይር በመከር ወራት ከበረዶ የቀዘቀዘና አጠገቡ ደግሞ የፈላ በቆሎ ነበረ የሚል ዕብደት ሰጠኝ። ያው አንድ ሙቀት ብዙ መነሻ ነበረው፤ እያንዳንዱ መነሻ የአንድ ሰው ደጃፍ ነው። ያኔ ገና ደነገጥኩ። የተማርኩት ነገር ቀልድ እንዳልሆነ የገባኝ የዚያን ቀን ነው።

አውጫጩ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። አያ ቸኮል ከሰው ትንሽ ፈንጠር ብለው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ እትዬ ይታይሽ ከሴቶቹ መሃል ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ወፎች ከጠዋት ጀምረው ተመላለሱ። የሚሉትን የሰማ ባይኖርም፣ ከሽማግሌዎቹ ጆሮ የተነሳ ሰው ሁሉ ሲመለስ ዓይኑ ወደ አያ ቸኮል ዞር ማለቱ ይበቃ ነበር። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ቴትሮን ሱሪዬን አራግፌ ተነሳሁና «አባቶቼ፣ ለክቻለሁ፣ አስልቻለሁ። ከየት እንደተነሳ አይታወቅም» አልኩ።

ሜዳው አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ «ለዚህ ነው ይኸን ያህል ዘመን ቀለም የቆጠርኸው? እንደማይታወቅማ እኛም እናውቅ ነበር» አለኝ። ሳቅ ሆነ። እኔ ግን እነሱ አይታወቅም ሲሉ ገና አልተገኘም ማለታቸው እንደሆነ፣ እኔ ስል ደግሞ ከዚህ ለብታ ተነስቶ ማንም ሊያገኘው አይችልም ማለቴ እንደሆነ እንዴት ላስረዳ? ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ። አጠገባችን ጠላ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ትልቁን ሳፋዋን ለምኜ ቀዝቃዛ ውሃ አስሞላሁት። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ጠየቅሁና ሴትዮዋ የፈላ ውሃ በአንድ በኩል ቀስ አድርጋ እንድትጨምር አደረግኩ። ፀሐዩ ላይ ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ «እጃችሁን ክተቱና ትኩሱ በየት በኩል እንደገባ ንገሩኝ» አልኳቸው። አንዱ በዚህ በኩል ነው አለ፣ ሌላው በዚያ። ሦስተኛው «ኸታች ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። አባ ተገኘ መጨረሻ እጃቸውን ነከሩ፤ ብዙ ቆዩ።

«ትኩስ መግባቱ እውነት ነው» አሉ።

«እውነት ነው፣ አባ።»

«የት እንደገባ ግን ውኃው ራሱ ረስቶታል።»

«እኔም እሱኑ ነው የምለው።»

እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ወፎቹ ያዩት ዝናቡን እንጂ በቆሎውን እንዳልሆነ፣ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ውግዘት እንደማይጣል፣ ክምሩን ሁሉም ወጥቶ አብሮ እንዲዘረጋ፣ ከደኅናው እኩል እንዲካፈል ተናገሩ። እየተነጫነጨ ተነሳ ሰው። ክረምቱ ክፉ ነበር፤ ቡሬ ገበያ ላይ የቤት ዕቃ ሲሸጡ ያየኋቸው ነበሩ። ግን ማንም አገር አልለቀቀም። አያ ቸኮል መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለቀቁኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ ቡሬን እስክለቅ ድረስ መምህር ሳፋ ነበርኩ። ልጆቹ ከኋላዬ ይሉታል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ከፊቴ። በልጅነት ጉራዬ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ከዚያ የተሻለ ማዕረግ አላገኘሁም።

ዶክትሬት ልቀጥል ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሚመልስልኝ ጠፋ፣ ወይም መልሱ መንገድ ላይ ቀረ። ልጆች መጡ፣ ዝውውር መጣ፣ ፍኖተ ሰላም ቤት ሠራሁ፣ ባለቤቴ አረፈች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እንኳ አስተማሪ ጠፋ ተብዬ ያንኑ ትምህርት ለጥቂት ተማሪዎች እንድሰጥ ተለምኜ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ጨዋ ነው፣ እጁን አውጥቶ «ሰር፣ ይኼ ግን ለምን ይጠቅማል?» አለኝ። የአውጫጩን ታሪክ ልነግረው ጀመርኩና መሃል ላይ ደከመኝ፤ «ለፈተና» ብዬ ቀጠልኩ። አሁን አሁን የሚገርመኝ ትዝታም ያው የኋሊት ስሌት መሆኑ ነው። ዛሬ በውስጤ ያለው ለብታ ብቻ ነው፤ ከእሱ ተነስቼ የሻዩን ዋጋ፣ የዘፋኟን ድምፅ፣ የሴቶቹን ለቅሶ መልሼ አነሳለሁ። ጥቂት ብዛባ ሌላ ዘመን ይወጣል። ስለዚህ እዚህ ያወራሁትን ሁሉ ማንም እንደ ምስክር አይቁጠርብኝ።

ባጃጁ ከአያ ቸኮል አጥር በር ላይ አወረደኝ። ካህናቱ ደርሰው፣ ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ እንግዳው ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ተሰናበተ። እኔ ልነሳ ስል አያ ቸኮል በእጃቸው መደቡን መታ መታ አደረጉ፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። በጣም አርጅተዋል። አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ያ ቀርከሃ የሰነጠቀ እጅ አሁን የሚይዘው ምርኩዝ ነው። በላይነሽ ሰሐኖቹን እየሰበሰበች ስትወጣ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው ያስቸገርሁዎ።»

«ይጠይቁኝ፣ አያ ቸኮል።»

«ያ በቆሎ፣ ያ እርጥቡ፣ የኔ ነበር?»

አገር የረሳው ነገር ነው፤ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንድም በሕይወት የለም። «ማን ምን ብሎዎት ነው አሁን?» አልኳቸው።

«ማንም ምንም አላለኝ። ሰው እንደሆነ ኸዚያ ቀን ወዲያ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ዕድሜ ለእርስዎ» አሉ። «ያ ዝናብ ሲጥል እኔ አልነበርሁም። እናቴን ይዤ ግሽ ዓባይ ጠበል ሄጄ ነበር። በቆሎው አውድማ ላይ እንደተሰጣ ነው፤ ይታይሽ ብቻዋን ነበረች። ስመለስ አህያው ላይ ተጭኖ ነው የጠበቀኝ። ዝናቡስ? አልኋት። ሸፍኘዋለሁ፣ ጠብታም አልነካው አለችኝ። እሽ አልሁ። አፌ ነው እሽ ያለው።»

«ከዚያስ?»

«ኸዚያማ አውጫጩ ሆነ። እርስዎ አወጡኝ። እቤቴ ገባሁና ኸዚያን ቀን ጀምሮ ኸጎተራው እኔ እሰፍርላት ጀመር።»

ይህን ሲሉ ለማያውቅ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። በዚህ አገር ጎተራ የሴቷ ነው። ባል ያርሳል፣ ያስገባል፤ ከገባ በኋላ ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚፈጭ የምታውቀው እሷ ናት። ባል ቁና ይዞ እየሰፈረ ለሚስቱ ከሰጠ፣ ቤቴን አላምንሽም ማለት ነው፤ ከዱላ የከፋ ነው፣ ጎረቤት ቢያይ ያፍርላታል። እኔም በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ተጋብዤ ገብቻለሁ። እትዬ ይታይሽ ከጎተራው ሥር ባዶ ቁና ታቅፈው ቆመው አይቻቸዋለሁ። ሰላምታ ሰጥቼ አልፌያለሁ፤ ሴት ከጎተራ ሥር መቆሟ ምን ይገርማል ብዬ።

«እሳቸው ምንም አላሉዎትም?» አልኳቸው።

«ምን ትላለች። ባዶ ቁናዋን ይዛ ትመጣለች፣ ትቆማለች። እርሻ ላይ ብሆን እስክመለስ ትጠብቃለች። እሰፍርላታለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ትለኛለች፣ ትሄዳለች። ታማ ኸአልጋ እስክትወድቅ እንደዚሁ ነው።» ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እርስዎ ያን ጊዜ ሰው ፊት ያልተናገሩት ያውቁ እንደሆን ብዬ ነው። አሁን ቢነግሩኝ ማንንም አይጎዳ።»

የእናንተ አልነበረም ብላቸው፣ እውነተኛዋን ሚስታቸውን ዕድሜ ልክ እንደ ሌባ አስቆሙ ማለት ነው። የእናንተ ነበር ብላቸው፣ ሟቿን በሙት ዓመቷ ቀን፣ በገዛ ቤቷ፣ ውሸታም ማለቴ ነው። ለማጽናናት የሚሆን መልስ ፈለግኩ፤ ከሁለቱም በኩል አጣሁት። የመጀመሪያው ስሌት ከእሳቸው ጥግ መውጣቱን ልነግራቸው አሰብኩና ደግሞ እሱ ከሌሎቹ መልሶች በምንም እንደማይበልጥ ትዝ አለኝ። ደክሞኝ ነበር። ለሚያከብሩት ሰው ከእውነት በቀር የሚሰጡት ሲያጡ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

«አያ ቸኮል» አልኳቸው፣ «ያኔም ደብቄ አልነበረም። አይታወቅም። እኔ አላውቀውም፣ እርስዎም አያውቁትም፣ ዛሬ ላይ ተቀምጦ ሊያውቀው የሚችል ሰው የለም። እትዬ ይታይሽ ሸፍኜዋለሁ ያሉትን ከራሳቸው በቀር ያየ የለም።»

አንገታቸውን ደፉ። ውጭ በላይነሽ ሰሐን ስታጥብ ይሰማል። የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበርና ልደግምላቸው ስል ቀና አሉ፤ የተረፈው ዓይናቸው ግድግዳው ጥግ ባለው ጎተራ ላይ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ያን ሁሉ ዘመን በማይታወቅ ነገር ነው ያቆምኋት።»